ከ20 ሄክታር ባነሰ መሬት ላይ አንድ መንደር እንዴት ይኖራል? የአውራ አምባ ነገር (እናንተም የመንደራችሁን መሬትና ሰው ጻፉ)

ፎገራው፦

ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ገጠር መንደር ሲነሳ ሰው ቀድሞ የሚጠይቀው «ስንት ሰው ይኖርበታል?» ብሎ ነው። ቁጥሩን ሲሰማ ወሬው እዚያው ያበቃል። እኔን የሚያስጨንቀኝ ግን ከዚያ ቀጥሎ ያለው ነው። ያ ሁሉ ሰው ምን ያህል መሬት አለው? መሬቱ ካልበቃው በምን ያድራል? ልጆቹ ሲያድጉስ የት ይገባሉ? አንድ የማውቀውን መንደር ላንሳና እናንተም የየመንደራችሁን ጨምሩበት።

መንደሩ አውራ አምባ ነው። ብዙዎቻችሁ በቴሌቪዥን አይታችሁታል፣ ወንዱ እንጀራ ሲጋግር፣ ሴቷ ስታርስ። ስለ ባህላቸው ብዙ ተወርቷል። ስለ መሬታቸው ግን የሚያወራ ሰው አላጋጠመኝም።

ቦታውን ለማታውቁ፦ ከባሕር ዳር 70 ኪሎ ሜትር አለፍ ይላል። የጎንደሩን አስፋልት ይዛችሁ ወረታ ስትደርሱ ወደ ቀኝ፣ ደብረ ታቦር በሚወስደው መንገድ ትታጠፋላችሁ። ዓለም በር ሳትደርሱ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ታገኙታላችሁ። ደቡብ ጎንደር፣ ፎገራ ወረዳ ነው። ከጣና በስተ ምሥራቅ ያለው የፎገራ ሜዳ እንደ ምጣድ ለጥ ያለ ነው፤ ርብና ጉማራ ከጉና ተራራ ወርደው እሱን አቋርጠው ጣና ይገባሉ። ክረምት ላይ ወንዞቹ ሲሞሉ ሜዳው ውኃ ይተኛበታል። የ1998ቱን ጎርፍ የማያስታውስ የአገራችን ሰው የለም። አውራ አምባ ሜዳው አልቆ ኮረብታው ሲጀምር ነው ያለው። አየሩ ወይና ደጋ ነው፣ ወባ ግን አለ።

መንደሩን ዙምራ ኑሩ ከጥቂት ገበሬዎች ጋር ሆነው በ1964 ዓ.ም. መሠረቱት። ሴትና ወንድ እኩል ይሥራ፣ ሽማግሌና አሮጊት ይጦር፣ ልጅ አይመታ የሚል ሐሳብ ይዘው ነው የተነሱት። ጎረቤቱ አልወደደላቸውም። በደርግ መጨረሻ ላይ ነገሩ ከርሮ ነፍሳቸውን ለማትረፍ አገር ጥለው ተሰደዱ፣ እስከ ቦንጋ ድረስ ወረዱ። በ1985 ሲመለሱ መሬታቸውን ሌላ ሰው ይዞታል። ከብዙ ደጅ ጥናት በኋላ የቀረላቸው 17 ሄክታር ተኩል ገደማ ነው። ያውም ወባ ያለበት ቦታ።

አሁን ስሌቱን አብረን እንሥራ። የመንደሩ ሰው ከ400 በላይ ነው፣ 450 እንበለው። 17 ሄክታር ተኩሉን ለ450 ስታካፍሉት ለአንድ ሰው 390 ካሬ ሜትር አይሞላም። ከተማ ውስጥ ደህና የሚባል የቤት ቦታ ማለት ነው። ከዚህ ላይ ደግሞ ቤቱ፣ መንገዱ፣ ትምህርት ቤቱ፣ ወፍጮው፣ የሽመና አዳራሹ ሁሉ አለ። በ1999ኙ ቆጠራ ደቡብ ጎንደር ዞን በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር 145 ሰው አካባቢ ነበረው። አውራ አምባን በዚህ መለኪያ ብትሰፍሩት 2,500 ያልፋል።

ታዲያ ይህ መንደር እንዴት አልተበተነም? የእኔ ሐሳብ ባጭሩ ይህ ነው፦ መሬት ሲነፈጋቸው እጃቸውን መሬት ወደማይፈልግ ሥራ አዞሩ። በሕይወት ያቆያቸው ሽመናው ነው። ባህላቸው ደግሞ ለዚህ ጠቀማቸው፣ ምክንያቱም በእኛ አገር ፈትል የሴት፣ ሽመና የወንድ ነው። እነሱ ዘንድ ወንዱም ይፈትላል፣ ሴቷም ትሸምናለች። ሰው ሁሉ እጅ ሆነ ማለት ነው።

እስቲ እናንተስ?


አዝመራ፦

ጥሩ ርዕስ ነው ወንድሜ። ግን ስሌትህን በእህል አድርገው፣ ያኔ ነው የሚገባን። ቤተሰብ አራት ሰው ተኩል እንበል። በአንተ ቁጥር ለአንድ ቤተሰብ 1,700 ካሬ ሜትር አካባቢ ይደርሰዋል። ጥማድ እንኳ አይሞላም፣ በእኛ አካባቢ አንዱ ጥማድ ሩብ ሄክታር ገደማ ነውና። ጤፍ በሄክታር 17 ኩንታል ቢሰጥ፣ ይህ ደህና ዓመት ነው፣ ከዚያች መሬት የሚገኘው ሦስት ኩንታል ነው። ሦስት ኩንታል አራት ሰው ተኩል ዓመት አያደርስም። አዋቂ ሰው በዓመት አንድ ኩንታል ተኩል እህል ይፈልጋል ብላችሁ ያዙ። እንግዲህ ግማሹን እንኳ አያገኝም፣ ያውም ቤት ሳይሠራበት ጥጉ ሁሉ ታርሶ። ዘሩን ሳናወጣለት።

ስለዚህ «ገበሬ ናቸው» የሚለው ነገር አያስኬድም። የእህል ሸማች ናቸው። እዚያ ገበያ ላይ ጤፍ ሲወደድ እንደ ከተማ ሰው ነው የሚጎዱት። ይህን ሰው አያስተውለውም። ገጠር ስለሆነ ብቻ ጎተራው ሙሉ ይመስለዋል።


የጣና ልጅ፦

እኔ ዘጌ ነኝ። የእኛ ነገር ከአውራ አምባ ጋር ይገናኛል፣ መንገዱ ግን ሌላ ነው።

ዘጌ ጣና ውስጥ የገባ ልሳነ ምድር ነው፣ ከሐይቁ በደቡብ ምዕራብ በኩል። ከባሕር ዳር በጀልባ ይኬዳል፣ በመኪናም ዞሮ መንገድ አለ። ከላይ ሆኖ ላየው ሰው ዝም ብሎ ጫካ ነው። ጫካው ውስጥ ግን ሰው አለ፣ ቤት አለ፣ ገዳም አለ። ኡራ ኪዳነ ምሕረት፣ አዝዋ ማርያም፣ መሐል ዘጌ ጊዮርጊስ፣ ይጋንዳ ተክለ ሃይማኖት፣ ሌሎችም። ከዛፉ ሁሉ በታች ቡና ነው።

እኛ ዘንድ አይታረስም። በሬ አይጠመድም፣ ከብት አይረባም። ይህ የመንግሥት ሕግ አይደለም፣ የአቡነ በትረ ማርያም ቃል ኪዳን ነው ብለን የምንይዘው ነው። አባቶች የሚነግሩን በትራቸው ለሦስት ተከፍሎ ቡና፣ ጌሾና ሎሚ ሆኖ በቀለ ብለው ነው። ሕዝቡ በእነዚህ በሦስቱ ይደር፣ መሬቱን በማረሻ አትንኩ፣ ነው ነገሩ።

የማታምኑ ይህን ተረት ልትሉት ትችላላችሁ። እኔ አምናለሁ። ግን የማያምንም ሰው ውጤቱን ሄዶ ማየት ይችላል። በጣና ዙሪያ ያለው አገር ታርሶ ታርሶ ተራቁቷል፣ ዘጌ ጫካው አለ። እና እንጀራችን? ጤፉ ከውጭ ነው የሚመጣው። አፋፍ በሚባለው ገበያ ላይ ቡናውንና ጌሾውን ሸጠን እህል እንገዛለን። እንጨት ደግሞ በታንኳ ተጭኖ ባሕር ዳር ይሄዳል።

እና አዝመራ እንዳልከው፣ እኛም ከጥንት ጀምሮ የእህል ሸማች ነን። ቡናው ሲረክስ ወይም ሲታመም ሰው ፊቱን ወደ ዛፉ ያዞራል። ዛፉ ለማገዶ ይቆረጣል። ዛፉ ሲቆረጥ ቡናው ጥላ ያጣል። የኛ የሕዝብ ብዛት ችግር የሚታየው እዚህ ላይ ነው፣ በማሳ መቆራረጥ ሳይሆን በጫካው መሳሳት። ልጅ ሲወለድ የሚካፈለው እርሻ የለም፣ የሚካፈለው የቡና ዛፍ ነው።


ሰላም ከሲልቨር ስፕሪንግ፦

ይህን ውይይት እያነበብኩ ቆየሁ። የጣና ልጅ፣ የዘጌ ቡና እዚህ አሜሪካ እኛ ሰፈር የሚያመጡ ሰዎች አሉ፣ ሽታውን ብቻ ስሸት አገሬ የገባሁ ይመስለኛል።

ፎገራው አንድ ጥያቄ አለኝ። 450 የሚለውን ቁጥር ከየት ነው የምታመጡት? የእኔ የእናቴ አገር ፋርጣ ውስጥ አንድ ጎጥ ናት፣ ስሟን ኢንተርኔት ላይ ብፈልግ ምንም የለም። ወረዳው አለ፣ ዞኑ አለ። ጎጧ የለችም። እዚያ ያሉትን ዘመዶቼን በስልክ ስጠይቅ አንዱ «80 ቤት» ይለኛል፣ ሌላው «ኧረ ከ100 ይበልጣል» ይለኛል። ለእድሩ ጣሪያ ገንዘብ አዋጥተን ልንልክ ስለሆነ በትክክል ማወቅ ፈልጌ ነው፣ ለስንት ሰው የሚሆን አዳራሽ እንደሚያስፈልግ።


ጤና ኬላ፦

እህቴ ሰላም፣ ይህን እኔ ልመልስልሽ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ሆኜ ገጠር ቀበሌ ውስጥ ሠርቻለሁ።

በአገር አቀፉ ቆጠራ ጎጥሽን አታገኚያትም። የመጨረሻው ቆጠራ የ1999ኙ ነው፣ ከእሱ በፊት በ1987 እና በ1976 ተደርጓል። አራተኛው ሊደረግ ታስቦ በተደጋጋሚ ተራዘመ። ስለዚህ ኢንተርኔት ላይ የምታዪው የወረዳ ቁጥር ሁሉ ወይ የ1999 ነው፣ ወይ ከዚያ ተነስቶ የተገመተ ነው። ደግሞም ቆጠራው ሲደረግ ገጠሩ የሚከፈለው ከ150 እስከ 200 ቤተሰብ በያዘ የቆጠራ ቦታ ነው። 80 ቤት ያላት ጎጥ ብቻዋን አትቆምም፣ ከጎረቤቷ ጋር ትደመራለች።

ነገር ግን ቁጥሩ አለ። ያለው ጤና ኬላው ውስጥ ነው። እያንዳንዱ ቤተሰብ አንድ ማኅደር አለው፣ የቤተሰብ ማኅደር የምንለው። አባወራው፣ እማወራዋ፣ ልጆቹ በየስማቸውና በየዕድሜያቸው፣ ነፍሰ ጡር አለች ወይ፣ ክትባት የጀመረ ሕፃን አለ ወይ፣ መጸዳጃ ቤት አላቸው ወይ፣ ውኃ ከየት ይቀዳሉ፣ አጎበር አላቸው ወይ። ማኅደሮቹ መደርደሪያ ላይ በጎጥ በጎጥ ተለይተው ነው የሚቀመጡት። ለዘመዶችሽ ደውለሽ «ጤና ኬላ ሄዳችሁ የእኛን ጎጥ ማኅደር አስቆጥሩ» በያቸው። ቤቱንም ሰውንም በግማሽ ቀን ያውቁታል።

አንድ ነገር ግን ልብ በይ። ማኅደሩ ላይ ያለ ሰው ሁሉ ቤቱ አለ ማለት አይደለም። መስከረም ጥቅምት ላይ ብትሄጂ ወጣት ወንድ አታገኚም። ሰሊጥ አጨዳ መተማና ሁመራ ወርደዋል። ሴቶቹ ደግሞ ዓረብ አገር ሄደዋል፣ እናታቸው ግን «ትመጣለች፣ አታውጪያት» ትልሻለች። እኔ ብዙ ጊዜ ይህ ገጥሞኛል። አንዲት እናት ልጇ ቤይሩት ከሄደች ዓመታት አልፈዋል፣ ስሟን ከማኅደሩ ላይ ልሰርዝ ስል እስክሪብቶዬን ያዘችኝ። ተውኩት። ምን ላድርግ? በጎን በእርሳስ «ውጭ አገር» ብዬ ጻፍኩበት።


መሬት ቆጣሪ፦

ጤና ኬላ ያለችው እውነት ነው። እኔ ከሌላ መዝገብ አንጻር ልጨምር። ወረዳ የመሬት አስተዳደር ላይ ሠርቻለሁ።

አንድ ገጠር መንደር ቢያንስ አራት መዝገብ አለው፣ አራቱም የተለያየ ሕዝብ ነው የሚነግሩህ። የእኛ የመሬት መዝገብ ባለይዞታን ይይዛል። ባልና ሚስት በጋራ ደብተር አላቸው፣ መሬት የሌለው ሰው ግን እኛ ዘንድ የለም። የእድሩ መዝገብ ቤት ይቆጥራል እንጂ ራስ አይቆጥርም። የሰበካ ጉባኤው የክርስቲያኑን ነው፣ መንደሩ ቅልቅል ከሆነ ሙስሊሙ አይገባበትም። የጤና ኬላው ብቻ ነው ሕፃኑንም ሽማግሌውንም ይዞ የሚገኘው።

ለእኔ ትልቁ ጉዳይ በእኛና በጤና ኬላው መዝገብ መካከል ያለው ልዩነት ነው። ጤና ኬላው ጋ ያለ እኛ ጋ የሌለ ሰው ማነው? ወጣቱ ነው። በ1967ቱ አዋጅ መሬት የሕዝብ ሆኖ በገበሬ ማኅበር ተከፋፈለ። በአማራ ክልል የመጨረሻው ሰፊ ሽግሽግ 1989 ላይ ተደረገ። ከዚያ ወዲህ አልተደረገም። ያን ጊዜ አራስ የነበረ ልጅ ዛሬ የልጆች አባት ነው። መሬት ያገኘው ከአባቱ ቆርሶ ነው፣ ወይ የሌላውን መሬት በእኩል፣ ምርቱን ተካፍሎ ነው የሚያርሰው፣ ወይ ተከራይቶ ነው፣ ወይ ደግሞ ምንም የለውም።

ቢሮ ውስጥ ያየሁትን ልንገራችሁ። አንድ አባት ሦስት ወንድ ልጅ ይዞ ይመጣል። ያለው ሦስት ጥማድ ነው፣ በአራት ቦታ የተበጣጠሰ። ለልጆቼ አካፍሉልኝ ይላል። ከተወሰነ መጠን በታች መቁረጥ አይቻልም፣ ደንብ አለው። ልጆቹ እርስ በርሳቸው ይተያያሉ። ታላቁ አገባለሁ ብሏል፣ ታናሹ ትምህርት ላይ ነው፣ መካከለኛው ዝም ይላል። ሁልጊዜ አንድ ዝም የሚል አለ። መተማ የሚወርደው፣ ባሕር ዳር ቀን ሥራ የሚገባው እሱ ነው። በመንደሩ የሕዝብ ብዛት ውስጥ አለ፣ በመሬቱ ውስጥ የለም።

ለዚህ ነው የፎገራውን ጥያቄ የወደድኩት። አውራ አምባና ዘጌ ለየት ያሉ ይመስላሉ። እውነቱን ስናይ ግን የሌላው መንደር ወጣትም እነሱ ያሉበት ቦታ ላይ ነው ያለው፣ ሽመናና ቡና ሳይኖረው።


ፎገራው፦

መሬት ቆጣሪ እግዜር ይስጥልኝ፣ እኔ በብዙ ቃል ልል የፈለግኩትን በአንድ መስመር ጨረስከው።

ስለ ሲልቨር ስፕሪንጓ እህታችን ጥያቄ፦ የአውራ አምባ ቁጥር የሚታወቀው ራሳቸው ስለሚያውቁት ነው። መንደሩ በኮሚቴ ነው የሚተዳደረው። እንግዳ የሚቀበል፣ ሽማግሌ የሚጦር፣ የጠፋ ዕቃ የሚፈልግ፣ ሥራ የሚያከፋፍል፣ ለሁሉም ኮሚቴ አለው። ማን ታመመ፣ ማን ወለደች፣ ማን ለትምህርት ወጣ የሚለው የተያዘ ነው። በዚያ ላይ የኅብረት ሥራ ማኅበሩ አባላት በዓመቱ መጨረሻ ትርፉን እኩል ስለሚካፈሉ ቁጥር ለእነሱ እንጀራ ነው። የሚካፈል ሰው ቆጠራ ላይ አይሳሳትም።

ደግሞ ቤታቸውን ላየ ሰው የመሬት ጥበቱን እዚያው ያነበዋል። ቤቱ ጭቃ ነው። መቀመጫው፣ መደርደሪያው፣ መደቡ ከግድግዳው ጋር አብሮ በጭቃ የተሠራ ነው፣ ለብቻው የቆመ ዕቃ ብዙም የለም። ምድጃው ደግሞ ታቅዶ የተሠራ ነው፣ ዙሪያው ተደፍኖ ጢሱ ወደ ውጭ ይወጣል። በአንድ እሳት ብዙ ነገር ይሠራል፣ ማገዶ ይቆጥባል። ዛፍ የሚቆረጥበት ሰፊ መሬት የሌለው መንደር ማገዶ ቢቆጥብ ምን ይገርማል? ሰው ይህን ሲያይ «ሥልጡን ናቸው» ይላል። ሥልጡን ናቸው፣ ልክ ነው። ግን ያሠለጠናቸው ጥበቱም ጭምር ነው።


እውነት ይነገር፦

ይቅርታ አድርጉልኝና አውራ አምባን እንዲህ ማሞገስ አይዋጥልኝም። ቤተ ክርስቲያን የለ፣ መስጊድ የለ። ሐዘን አይቀመጡም፣ አርባ የለ፣ ተዝካር የለ፣ ሠርግ የለ። ጎረቤት የጠላቸው ያለ ምክንያት አይደለም። መንደር ማለት እኮ መሬትና የሰው ብዛት ብቻ አይደለም። እናንተ ሁሉን ነገር ወደ ሄክታር አወረዳችሁት።


ፎገራው፦

ወንድሜ ሐሳብህን አከብራለሁ። እኔም ክርስቲያን ነኝ፣ ልጆቼን ያስጠመቅኩት ወረታ ነው። እነሱ በአንድ ፈጣሪ እናምናለን ይላሉ፣ እምነታቸው የራሳቸው ነው። ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ። በእኛ መንደር አንድ ተዝካር ስንት ኩንታል ይፈጃል? ስንት በግ ይታረድበታል? ሁለት ጥማድ ያለው ሰው ለአባቱ ተዝካር ብሎ መሬቱን አከራይቶ ለዓመታት ሲቸገር አላየህም? እኔ አይቻለሁ፣ ዘመዴ ነው። 17 ሄክታር ላይ ያለ 450 ሰው እንዲህ ያለ ወጪ ቢያወጣ ኖሮ ዛሬ መንደሩ አይኖርም ነበር። ተዝካር ይቅር እያልኩህ አይደለም። የእነሱ መሬት ያን የሚሸከም አልነበረም ነው የምልህ።


ከሐይፋ፦

እኔ ሌላ ዓይነት መንደር ላምጣላችሁ። ሰው የበዛበት ሳይሆን ሰው ያለቀበት።

ወላጆቼ ከጎንደር፣ ከአምቦበር ናቸው። ቤተ እስራኤል ነን። አምቦበር በዘመኑ ከቤተ እስራኤል መንደሮች ሁሉ ስሟ የተጠራ ነበረች፣ መስጊድ እንላለን እኛ የጸሎት ቤታችንን፣ እሱ ነበራት፣ ትምህርት ቤት ነበራት። ጎንደር ዙሪያ እንዲህ ያሉ ብዙ መንደሮች ነበሩ፣ ወለቃም አለች ከጎንደር ወጣ ብሎ። ወገኖቻችን አንጥረኛ፣ ሸክላ ሠሪ፣ ሸማኔ ነበሩ። ለምን? አሁን እናንተ የምታወሩት ነገር ነው። ርስት አልነበራቸውም። በርስት ዘመን የሌላውን መሬት በእኩል ያርሱ ነበር፣ ቀሪውን በእጃቸው ሥራ ያሟሉ ነበር። እናቴ «እኛ መሬታችን እጃችን ነው» ትል ነበር።

ከዚያ 1977 መጣ። ብዙው በእግሩ ሱዳን ወረደ፣ በመንገድና በስደተኛ ካምፕ ብዙ ሺህ ሰው አለቀ፣ የተረፈው በዘመቻ ሙሴ ወደ እስራኤል ተወሰደ። ግንቦት 1983 ደግሞ በዘመቻ ሰለሞን በሁለት ቀን ውስጥ ከ14 ሺህ በላይ ሰው ከአዲስ አበባ ተጓጓዘ። መንደሮቹ ባዶ ሆኑ። ቤቱንም መሬቱንም ጎረቤት ያዘው።

አባቴ እዚህ ሐይፋ ሆኖ የሰፈሩን ቤቶች በተራ ይጠራቸዋል። ከወንዙ ማዶ የእገሌ፣ ከዚያ በላይ የእገሌ፣ ከዋርካው ሥር የእገሌ። ስሞቹን እየጻፍኩ ነው። አሁን ያሉት የአባወራ ስሞች ናቸው፣ ከዚህ ውይይት የተማርኩት የሚስቶቹንና የልጆቹንም መጠየቅ እንዳለብኝ ነው። የእድር መዝገብ ብቻ አድርጌው ነበር ማለት ነው፣ መሬት ቆጣሪ እንዳለው።


ጤና ኬላ፦

ከሐይፋ፣ እግዜር ይስጥሽ ወይም ይስጥህ፣ ይህን ስለጻፍክልን። አባትህን ቶሎ ጠይቅ። ልጆቹን ስትጠይቅ በዕድሜ ቅደም ተከተል ጠይቅ። የሞቱትንም ጨምረህ። እናቶች የሞተ ልጅ ካልተጠየቁ አይናገሩም። እኔ ቤት ለቤት ስሄድ «ስንት ልጅ አለሽ?» ስል አራት የምትል ሴት፣ «ስንት ወለድሽ?» ስል ስድስት ትለኛለች።


የጣና ልጅ፦

ከሐይፋ፣ «መሬታችን እጃችን ነው» ያለው የእናትህ ቃል እኛ ጋም ይሠራል። ጣና ላይ ነገደ ወይጦዎች አሉ፣ እነሱም መሬት የላቸውም። ደንገል ቆርጠው ታንኳ ይሠራሉ፣ ዓሣ ያወጣሉ። የደንገሉ ቦታ ሲታረስና ሲደርቅ የእነሱ ርስት ነው የታረሰው። ይህን ግን የትኛውም የመሬት መዝገብ ላይ አታገኙትም፣ አይደል መሬት ቆጣሪ?


መሬት ቆጣሪ፦

አታገኘውም። የሐይቅ ዳርቻ በመዝገብ ላይ «የወል መሬት» ተብሎ ነው የሚታለፈው። ውኃው ሲሸሽ ጎረቤቱ ያለው ገበሬ ገፍቶ ያርሰዋል። ደንገል ቆራጩ ይዞታ ስለሌለው ከሳሽ መሆን እንኳ አይችልም።


አዝመራ፦

ስለ እኛ ስለ ሩዙም ይነገር እንጂ፣ ይህ ሁሉ የሐዘን ወሬ ሆነ። የፎገራ ሜዳ ድሮ ውኃ የሚተኛበት ስለሆነ የከብት ግጦሽ ነበር፣ የፎገራ ላም የምትታወቀው በዚያ ነው። ውኃው ሲሸሽ በርጥበቱ ጓያ ይዘራበት ነበር። በደርግ ጊዜ ሩዝ መጣ፣ የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ነበሩ ያኔ። መጀመሪያ ሰው አልወደደውም፣ በኋላ ኤክስ ጅግና የሚባለው ዘር ሜዳውን ሞላው። ጎርፉ ጠላት የነበረው ወዳጅ ሆነ። ዛሬ ወረታ ብትገቡ የሩዝ መፈልፈያው ድምፅ አያስተኛም። እንጀራችን ራሱ ጤፍና ሩዝ ቅልቅል ነው።

ይህን የምለው መሬቱ ሳይሰፋ የሚያኖረው ሰው ሊበዛ እንደሚችል ለማሳየት ነው። ያው መሬት ነው፣ ያው ጥማድ ነው። ግን ዋጋም አለው። ግጦሹ ታረሰ፣ ላሟ ቀነሰች። የበፊቱን የፎገራ ወተት አሁን አታገኙትም።


ሰላም ከሲልቨር ስፕሪንግ፦

ጤና ኬላ፣ ዛሬ ጠዋት ደውዬ ነገርኳቸው። የአጎቴ ልጅ ጤና ኬላው ሄዶ ነበር። ሠራተኛዋ ማኅደሮቹን አውጥታ አብራው ቆጠረች። 94 ቤት፣ 391 ሰው። «80 ቤት» ያለኝ የእድሩ ዳኛ ነው፣ እሱ የቆጠረው እድር የሚከፍሉትን ነው። የቀሩት 14 ቤቶች አዲስ የተጋቡ ልጆች ናቸው፣ ገና እድር አልገቡም። መሬት የሌላቸውም እነሱ ናቸው። መሬት ቆጣሪ ያለው ሁሉ እዚያ አለ።

አሁን ሐሳባችን ተለወጠ። አዳራሹን ትተን ለእነዚህ 14 ቤቶች የሚሆን ነገር እናድርግ የሚል ሐሳብ መጥቷል። አንዱ ዶሮ ይላል፣ አንዱ የልብስ ስፌት መኪና፣ አንዱ ወፍጮ። አውራ አምባን የምታውቁ፣ ሽመና ለመጀመር አንድ ቤት ምን ያስፈልገዋል? ድሩንና ማጉን ይገዙታል ወይስ ራሳቸው ይፈትሉታል?


ፎገራው፦

ፈትሉን በእጅ እንጀምር ካላችሁ ብዙ ጊዜ ይፈጃል። አብዛኛው ሸማኔ ዛሬ ድሩን የፋብሪካ ክር ገዝቶ ነው የሚሠራው፣ ማጉን ለጋቢ ከሆነ በእጅ የተፈተለውን ይጨምርበታል። የመሸመኛውን እንጨት የአገር አናጢ ይሠራዋል፣ እግር የሚገባበት የጉድጓዱ ዓይነት ከሆነ ቤት ውስጥ መቆፈር ነው። ውዱ ነገር ዕቃው አይደለም፣ የሚያስተምረው ሰው ነው። ግን ከሁሉ በፊት ገበያውን ጠይቁ። ፋርጣ ከሆኑ ደብረ ታቦር ቅርባቸው ነው። ቅዳሜ ገበያ ወጥተው ጋቢ ስንት እንደሚሸጥ፣ ማን እንደሚገዛ፣ ከየት እንደሚመጣ ልጆቹ ራሳቸው ይዩ። እናንተ ከዚያ ሆናችሁ አትወስኑላቸው። የ14ቱን ቤት ሰዎች፣ ሚስቶቹንም ጨምሮ፣ አንድ ላይ ሰብስባችሁ በስልክ አናግሩና የሚሉትን እዚህ ጻፊልን። ለማስተማር ፈቃደኛ የሆነ ሸማኔ እኔ አፈላልጋለሁ።